በሩቅ አገር ቤቱን ያገኘ ሰው

ሰው ሁሉ የተወለደበትን አገር ይወዳል፤ ይህም አያስደንቅም። ወፍ እንኳ ጎጆዋን ትወዳለች። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቀውን፥ ዘመድ የሌለበትን፥ ከትውልድ ስፍራው እጅግ የራቀውን አገር ወድዶ በዚያ የኖረና በዚያ የተቀበረ ሰው ጥቂት ነው። ከእንደነዚህ ካሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ላፍካዲዮ ሄርን ይባላል። አሁን የእርሱን ታሪክ እናነባለን። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ላፍካዲዮ በ1850 ዓ.ም. ሌፍካዳ በምትባል በግሪክ ባሕር ባለች ደሴት ተወለደ። ስሙም ከደሴቲቱ ስም የወጣ ነው። አባቱ የአየርላንድ ሰው ሲሆን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሐኪም ነበረ፤ እናቱ ሮዛ ግን የግሪክ ሴት ነበረች። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሆነው እናቱ ይዛው የአባቱ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ደብሊን ከተማ ሄደች። በዚያም ብርዱና ጭጋጉ፥ የማታውቀውም ቋንቋ አስጨነቃት፤ ባልዋም በሥራው ምክንያት ከቤት ርቆ ይኖር ነበር። ስለዚህ ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ትታው ወደ አገርዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ እናትና ልጅ እስከ ሞት ድረስ አልተያዩም። አባቱም ሌላ ሴት አግብቶ ወደ ህንድ አገር ሄደ። እንዲህ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ልጁ እንደ ሙት ልጅ ሆኖ በአባቱ አክስት ቤት አደገ።

በ13 ዓመቱ በሰሜን እንግሊዝ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደዱት። በዚያም በቋንቋ ትምህርትና በድርሰት ብርቱ ተማሪ ሆነ። 16 ዓመት ሲሆነው ግን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ግራ ዐይኑን ተመታና ታወረ። ቀኝ ዐይኑም ደካማ ስለ ነበረ ለማንበብ መጽሐፉን ወደ ፊቱ እጅግ ማቅረብ ያስፈልገው ነበር። ስለ ዐይኑም እጅግ ያፍር ነበርና ከዚያ ጀምሮ ፎቶግራፍ በሚያነሡት ጊዜ ሁሉ የፊቱን ግራ ወገን ይሰውር ነበር። ጥቂት ቈይቶም አክስቱ ገንዘብዋን ሁሉ አጣች፤ እርሱም ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ።

በ1869 ዓ.ም. ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን ዘመዶቹ የመርከብ ዋጋ ሰጥተው ወደ አሜሪካ ሰደዱት። ሲንሲናቲ ወደምትባል ከተማም ደረሰ። በዚያ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ይራብ ነበር፤ ማደሪያም ስላልነበረው በፈረሶች ጋጥ ያደረበት ሌሊት ብዙ ነው። በመጨረሻ ሄንሪ ዋትኪን የሚባል የማተሚያ ቤት ባለቤት አዘነለት። ሥራ ሰጠው፤ ማተሚያ ቤቱም ውስጥ በወረቀት ቍራጭ ክምር ላይ እንዲተኛ ፈቀደለት። ላፍካዲዮ የዚህን ሰው ቸርነት አልረሳም፤ ዋትኪንንም እንደ አባት ይወደው ነበር።

ከዚህ በኋላ የጋዜጣ ጸሓፊ ሆነ። የድሆችን ኑሮ፥ የወደብ ሠራተኞችን ዘፈን፥ ማንም የማያያቸውን ሰዎች ነገር ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ በዚያ አገር ነበረ። እርሱ ግን በባርነት የተወለደች አንዲት ጥቁር ሴት አገባ። ስለዚህም ነገር በ1875 ዓ.ም. ከሥራው ተባረረ። ጋብቻውም አልጸናም። ከዚያ በኋላ ወደ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ሄዶ አሥር ዓመት ያህል በጋዜጣ ሥራ ቈየ።

በ1884 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ታላቅ የዓለም ትርኢት ተከፈተ። ብዙ መንግሥታት የአገራቸውን ዕቃ አምጥተው ለሰው አሳዩ። ላፍካዲዮም የጃፓንን ትርኢት ለማየት ሄደ። በዚያ ሐሩን፥ የሸክላውን ሥራና ሥዕሉን አይቶ እጅግ ተደነቀ። ለትርኢቱ ከተላከው ከሐቶሪ ኢቺዞ ጋርም ተዋወቀ። ያን ጊዜ ያች ሩቅ አገር በልቡ ገባች። ነገር ግን ወደ እርስዋ ለመሄድ ስድስት ዓመት ያህል ቈየ፤ ከዚህም ውስጥ ሁለቱን ዓመት ማርቲኒክ በምትባል ደሴት ተቀምጦ ጻፈ።

በ1890 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ጃፓን እንዲጽፍ ከአንድ ሥዕል ሠሪ ጋር ላከው። በመጋቢት ወር ከካናዳ ተነሥቶ ሰፊውን ውቅያኖስ ተሻገረ። የተሳፈረባት መርከብ ስምዋ አቢሲኒያ ነበረ፤ ይህም በዚያ ዘመን የውጭ አገር ሰዎች አገራችንን ኢትዮጵያን ይጠሩበት የነበረው ስም ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመች መርከብ ይህን አገር የለሽ ሰው ቤቱ ወደምትሆነው አገር አደረሰችው። ሚያዝያ 4 ቀን ዮኮሃማ ወደብ ገባች።

ላፍካዲዮ ከመርከብ እንደ ወረደ ሰው የሚጐትተው ባለ ሁለት መንኰራኵር ጋሪ ተከራየና ከተማውን ሲዞር ዋለ። ቤቶቹ ዝቅ ያሉና ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ፤ ሰማያዊ መጋረጃም በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰዎቹ ሲገናኙ ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሡ ነበር። ከሩቅም ፉጂ የሚባለው በበረዶ የተሸፈነ ተራራ በሰማይ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሆኖ ይታይ ነበር። ያን ቀን በዚች አገር ለመኖር በልቡ ወደደ።

ነገር ግን ወዲያው ፈተና አገኘው። አብሮት የመጣው ሥዕል ሠሪ ከእርሱ የበለጠ ደመወዝ እንደሚከፈለው ዐወቀ። በዚህ ተቈጥቶ ከመጽሔቱ ጋር ያለውን ውል አፈረሰ። እንግዲህ በሰው አገር ያለ ሥራና ያለ ገቢ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር፤ እርሱ ግን ሥራ ይፈልግ ጀመር። በትርኢቱ ቦታ የተዋወቀው ሐቶሪና ባዚል ቻምበርለን የሚባል የጃፓን ቋንቋ ሊቅ ረድተውት በማትሱዬ ከተማ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ሆነ።

ማትሱዬ ከታላላቆቹ ከተሞች ርቃ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ከቶ እምብዛም አይታይባትም ነበር። ላፍካዲዮ በነሐሴ ወር ደረሰ። በማለዳ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሩዝ የሚወቅጡ ሰዎች የሙቀጫ ድምፅ ነበረ፤ ይህን ድምፅ የከተማይቱ የልብ ትርታ አስመሰለው። ከዚያ የመቅደስ ደወል ይሰማ ነበር። ቀጥሎም ሰዎች በሐይቁ ዳር ቆመው እንደ እምነታቸው ሥርዓት እያጨበጨቡ የምትወጣውን ፀሐይ ይቀበሉ ነበር። በመጨረሻም ሥራ የሚሄዱ ሰዎች የእንጨት ጫማ በድልድዩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። የእርሱ ዐይን ደካማ ነበረ፤ ጆሮው ግን ሌላው መንገደኛ የማይሰማውን ሁሉ ይሰማ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሰው አገሩን የወደደው እንዴት እንደ ሆነ አስተውሉ። ከሩቅ ሆኖ በማየት ብቻ አልወደደም። ጫማውን በደጅ አውልቆ እንደ እነርሱ በምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ልብሳቸውን ለበሰ፤ ምግባቸውን በላ። ምክንያቱን የማያውቀውን ልማድ ባየ ጊዜ ከመሳቅ ይልቅ ይጠይቅ ነበር። ኒሺዳ ሴንታሮ የሚባል የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ወዳጅ ሆነውና ያልገባውን ሁሉ ያስረዳው ነበር። ተማሪዎቹም በእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፉ ሲያዛቸው ስለ አገራቸው ነገርና ስለ ልማዳቸው ያጽፋቸው ነበር። እነርሱ ቋንቋ ከእርሱ ሲማሩ እርሱም አገራቸውን ከእነርሱ ተማረ። እንዲህ መምህሩ ደግሞ ተማሪ ሆነ።

ያ ክረምት በማትሱዬ እጅግ ብርቱ ነበረ፤ በረዶ በዛ፥ ላፍካዲዮም ታመመ። በ1891 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮይዙሚ ሴትሱ የምትባል ሴት ቤቱን እንድትጠብቅለት መጣች። እርስዋ ሳሙራይ ከሚባሉት ከጦር መኳንንት ወገን ነበረች። ነገር ግን ከ1868 ዓ.ም. በኋላ የአገሩ ሥርዓት ስለ ተለወጠ እነዚህ መኳንንት ርስታቸውንና ቀለባቸውን አጥተው ነበር። ሴትሱም ቀን የጣላቸውን ቤተ ሰቦችዋን ለመርዳት ጨርቅ ስትሠራ ያደገች ናት። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምረው መከራ የቀመሱ ስለ ነበሩ ተዋደዱና ተጋቡ።

እርስዋ እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር፤ እርሱም የጃፓንን ቋንቋ አላጠናም ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ በቀር ማንም በደንብ የማይናገረውን፥ ቃሉ ጃፓንኛ ሆኖ ሰዋስው የሌለበትን የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። በጸጥታ ሌሊት ሴትሱ የመብራቱን ክር ዝቅ አድርጋ የጥንት ተረትና የመናፍስት ታሪክ ትነግረው ነበር። እርሱም ከመጽሐፍ እያነበበች እንዳትነግረው፥ በራስዋ ቃልና በራስዋ አሳብ እንድትነግረው ይለምናት ነበር። ያንን የሰማውን እያሰበ፥ እየሰረዘና እየደጋገመ በእንግሊዝኛ ይጽፈው ነበር። ከመጽሐፎቹ ሁሉ የታወቀው በ1904 ዓ.ም. የታተመው ክዋይዳን እንዲህ ተጻፈ። እንግዲህ የመጽሐፉ ግማሽ የእርስዋ ነው ብንል አንሳሳትም።

በኅዳር 1891 ዓ.ም. ደመወዝ ወደሚበዛበት ወደ ኩማሞቶ ከተማ ተዛወረ፤ የሚስቱን ቤተ ሰቦች ጭምር ብዙ ነፍስ ይመግብ ነበርና። ከማትሱዬ በተለየ ቀን ተማሪዎቹ በማለዳ በደጁ ተሰብስበው እስከ መርከቡ ድረስ ሸኙት። ለመታሰቢያም ሰይፍ ሰጥተውት ነበር።

በኩማሞቶ ፍቅሩ ተፈተነ። በዚያ ያገኛቸው ሰዎች እንደ ማትሱዬ ሰዎች አልሆኑለትም። አገሪቱም ባቡርና ፋብሪካ፥ ጦርና አዲስ ሥርዓት ለማግኘት ትቻኰል ነበር። እርሱ የወደደው የጥንቱ ነገር ሲጠፋ አይቶ አዘነ፤ አንዳንድ ጊዜም ተቈጣ። ይህች አገር እንደ ማናቸውም አገር ጕድለት ያላት መሆንዋን ዐወቀ። በዚህ ነገር የላፍካዲዮም ጕድለት ተገለጠ፤ ለአሮጌው ነገር ያለው ፍቅር ብዙ ጊዜ በአዲሱ ነገር ውስጥ ያለውን መልካም እንዳያይ ጋርዶት ነበር። ነገር ግን ጕድለትዋን ባየ ጊዜ አልተዋትም። በ1893 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጁ ካዙዎ ተወለደ።

ከዚያ ወደ ኮቤ ከተማ ሄዶ በጋዜጣ ሲሠራ ደካማው ዐይኑ እጅግ ታመመና ሥራውን ተወ። በዚህ ጊዜ ታላቅ አሳብ ያዘው። እርሱ የእንግሊዝ መንግሥት ዜጋ ነበረ። ሴትሱ በእርሱ ስም ብትጻፍ እንደ ውጭ አገር ሰው ተቈጥራ በአገርዋ ያላትን መብት ታጣለች፤ በእርስዋ ስም ቢቀመጡ ደግሞ እርሱ ሲሞት ሚስቱና ልጁ ሀብቱን ለመውረስ ይቸገራሉ። የቀድሞ ዜግነቱን ቢተው የውጭ አገር ሰው የሚያገኘውን ክብርና ጥቅም ያጣል። እርሱ ግን የራሱን ጥቅም ትቶ የቤተ ሰቡን ደኅንነት መረጠ። በ1896 ዓ.ም. በሚስቱ ቤተ ሰብ ውስጥ ተቈጥሮ የጃፓን ዜጋ ሆነ፤ ስሙም ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ። ያኩሞ ማለት ስምንት ደመናዎች፥ ወይም የተደራረበ ደመና ማለት ነው፤ ይህም ስም ማትሱዬ ያለችበትን አውራጃ ከሚያወድስ ጥንታዊ ግጥም የተወሰደ ነው።

በዚያው ዓመት በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ሆነ። ዐይኑን ወደ ወረቀቱ ለማቅረብ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አሠርቶ በዚያ ይጽፍ ነበር። ተማሪዎቹም የሚናገረውን ቃል በቃል ይጽፉ ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላም ይህ ጽሑፋቸው መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በ1903 ዓ.ም. ግን ዩኒቨርሲቲው አሰናበተው። ተማሪዎቹ ይህን ሰምተው ተቃወሙ፤ እርሱም ልቡ እጅግ ቈሰለ። በሚቀጥለው ዓመት ዋሴዳ የሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ነገር ግን ዕድሜው አልረዘመም፤ መስከረም 26 ቀን 1904 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ነበር። መቃብሩም በቶኪዮ ነው።

ካወራቸው ታሪኮች አንዱን ልንነግራችሁ ይገባናል። በ1854 ዓ.ም. በጃፓን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ባሕሩም ተናውጦ ሱናሚ የሚባለውን ማዕበል አመጣ። በአንድ የባሕር ዳር መንደር ሐማጉቺ ጎርዮ የሚባል ሰው ሕዝቡ በጨለማ የሚሸሽበትን መንገድ እንዲያይ ብሎ የሩዝ ክምሩን በእሳት አቃጠለ፤ ብዙ ሰዎችም ወደ ኰረብታው ወጥተው ዳኑ። ከዚያም በኋላ በገንዘቡ ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል የሆነ የዐፈር ግድብ አሠራ፤ ይህም ግድብ በ1946 ዓ.ም. ሌላ ማዕበል በመጣ ጊዜ ከመንደሩ የሚበልጠውን ክፍል አዳነ። ላፍካዲዮ ይህን ታሪክ ጥቂት ለውጦ በ1897 ዓ.ም. ጻፈው። በእርሱ አጻጻፍ ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከኰረብታ ላይ አይቶ የዓመት መከሩን ሁሉ ያቃጥላል፤ ሕዝቡም እሳቱን ለማጥፋት ሲሮጡ ከማዕበሉ ያመልጣሉ። ሐማጉቺ ከነበረበት አውራጃ የተወለደ አንድ መምህር ይህን አንብቦ ለሕፃናት በሚቀል ቃል ጻፈው። ከ1937 እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ የጃፓን ልጆች በትምህርት ቤት ንባብ መጽሐፋቸው ይህን ታሪክ አነበቡ። እንግዲህ የባዕድ አገር ልጅ የነበረው ሰው የአገሬውን ታሪክ መልሶ ለአገሬው ልጆች አስተማረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኅዳር 5 ቀን ሰዎች ከሱናሚ መጠንቀቅን የሚማሩበት ቀን እንዲሆን ሲወስን የዚህን የሩዝ እሳት ነገር አስቦ ነው።

በማትሱዬ የኖረበት ቤት ከነአትክልት ስፍራው ዛሬም ተጠብቆ ይኖራል። የተወለደባት ሌፍካዳም በ2014 ዓ.ም. የመታሰቢያ ቤት ከፈተችለት፤ በአየርላንድም በ2015 ዓ.ም. በስሙ የጃፓን ዐይነት የአትክልት ስፍራ ተከፈተ። በልጅነቱ ቤት ያጣው ሰው ዛሬ በሦስት አገር ቤት አለው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ኑሮ ምን እንማራለን? ሁለት ዐይን ያለው መንገደኛ ብዙ አገር ዞሮ ምንም ሳያይ ይመለሳል፤ ይህ ሰው ግን በአንድ ደካማ ዐይን የሰውን ልብ አየ። ከእኛ የተለየ ልብስና ምግብ፥ የተለየም ቋንቋ ያለውን ሰው ስናይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ጠይቆ መረዳት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ደግሞም አገርን መውደድ መልካምዋን ብቻ ማየት አይደለም፤ ጕድለትዋንም ዐውቆ አለመተው ነው። ወደ ትምህርት ቤታችሁ ወይም ወደ መንደራችሁ እንግዳ ልጅ በመጣ ጊዜ ይህን ታሪክ አስቡ። ሄንሪ ዋትኪን ለአንድ ለተራበ ልጅ የወረቀት ክምር መኝታ ባይሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ መጽሐፍ አይጻፍም ነበር።